ሰርኩላር መጋዝን በሥራ ቦታ ያለ አደጋ መጠቀም፦ ስፒናው ከመሰካቱ በፊት ጀምሮ እስኪነቀል ድረስ

በእጅ የሚያዘው ሰርኩላር መጋዝ በእንጨት ሥራ ቤቶችም ሆነ በሕንፃ ግንባታ ቦታዎች ከመዶሻና ከሜትር እኩል የዘወትር መሣሪያ ሆኗል። 185 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ የሚገጠምለት የተለመደው ዓይነት ምንም ሳይቆርጥ ሲዞር በደቂቃ 5,500 ዙር ያህል ይሽከረከራል። ይህ ሲሰላ የዲስኩ ጥርሶች በሰከንድ 53 ሜትር፣ በሰዓት ደግሞ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ ማለት ነው። ሰው ደንግጦ እጁን እስኪሰበስብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥርሶች አልፈው ስለሚሄዱ፣ «እኔ እጠነቀቃለሁ» የሚል ሠራተኛ በጥንቃቄው ብቻ ሊተማመን አይችልም። ከአደጋ የሚያድነው በአብዛኛው ማብሪያው ከመጫኑ በፊት ያደረገው ዝግጅት ነው፤ በዚህም ምክንያት ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ከመቁረጡ ይልቅ በዝግጅቱ ላይ ብዙ ይቆያል።

መጋዝ መልሶ የሚመታው ለምንድን ነው?

ጀማሪ ሠራተኛ ሰርኩላርን ሲፈራ ዓይኑ ዲስኩ ላይ ነው። ልምድ ያለው አናጺ ግን ይበልጥ የሚጠራጠረው እንጨቱን ነው፤ ዲስኩ መከለያው እስካልተነካ ድረስ የት እንዳለ ይታወቃል፣ እንጨቱ ግን በመቆረጥ ላይ ሳለ ምን እንደሚያደርግ ሁልጊዜ አይታወቅም።

የእጅ ሰርኩላር ሲሠራ የዲስኩ የፊት ጥርሶች ከታች ወደ ላይ ይቆርጣሉ፤ ከእንጨቱ ሥር ያሉት ጥርሶች ደግሞ ከሠራተኛው ወደ ፊት ይሮጣሉ። የተቆረጠው ቦይ ክፍት እስከሆነ ድረስ ችግር የለም። ቦዩ ከተጠጋጋና ሁለቱ የእንጨት ጎኖች ዲስኩን ከያዙት ግን ጥርሶቹ መቁረጣቸውን ትተው እንጨቱን መግፋት ይጀምራሉ። የመኪና ጎማ አስፋልቱን ወደ ኋላ እየገፋ መኪናውን ወደ ፊት እንደሚያስኬደው ሁሉ፣ ዲስኩም እንጨቱን ወደ ፊት እየገፋ መጋዙን ራሱን ወደ ኋላ ይወረውረዋል። መጋዙ ከቦዩ ዘሎ ወጥቶ ወደ ሠራተኛው ጭን፣ ሆድ ወይም ወደ ሌላኛው እጁ ይመጣል። የሞተሩ ጉልበት በሙሉ በዚህ አቅጣጫ ስለሚዞር በክንድ ብርታት መያዝ አይቻልም።

ቦዩን የሚዘጉት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው የድጋፍ ስህተት ነው፦ ጣውላው ሁለት ጫፉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መካከሉ ሲቆረጥ፣ ቁርጡ ሊያልቅ ሲል ጣውላው ወደ መሃል ይጎብጥና ዲስኩን ይነክሳል። ሁለተኛው የደነዘ ወይም ሙጫ የያዘ ዲስክ ነው። ሦስተኛው ከመስመር የወጣን ቁርጥ መጋዙን በመጠምዘዝ ለማቃናት መሞከር ነው፤ ክብ ዲስክ በቀጥታ ብቻ ስለሚሄድ መጠምዘዙ ጎኑን ከእንጨቱ ጋር ያላትመዋል።

አራተኛው ምክንያት የእንጨቱ ባሕርይ ነው፤ በዚህ ረገድ ባሕር ዛፍን ለብቻው ማንሳት ይገባል። የባሕር ዛፍ ግንድ ሲያድግ በውስጡ ከፍተኛ ውጥረት ያከማቻል። በቁመቱ ሲሰነጠቅ ይህ ውጥረት ይለቀቅና ሁለቱ ክፋዮች አንዳንዴ እንደ ቀስት ይለያያሉ፣ አንዳንዴም ተመልሰው ይጋጠማሉ። ገና ያልደረቀ ከሆነ ደግሞ ቃጫው እርጥብ ስለሆነ ዲስኩን ይይዛል። ስለዚህ እርጥብ የባሕር ዛፍ ሞራሌ በቁመት የሚሰነጥቅ ሰው በየ30 እና 40 ሴንቲ ሜትሩ መጋዙን አጥፍቶ፣ ዲስኩ መቆሙን አይቶ፣ ከኋላ ባለው ቦይ ውስጥ ቀጭን ሽብልቅ ማስገባት አለበት። ሥራውን ያዘገያል፤ ቢሆንም ከመቸኮል የሚገኘው ትርፍ እዚህ ላይ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው።

ደረጃ 1፦ ዲስኩን መምረጥና መግጠም

ዲስኩን ከመንካትዎ በፊት ስፒናውን ከሶኬቱ ይንቀሉ። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ባትሪውን ያውጡ። ማብሪያውን አለመንካት በቂ አይደለም፤ ዲስክ በመቀየር ላይ ያለ እጅ መያዣውን በድንገት መጭመቁ የተለመደ ነው።

ሞራሌና ጣውላ በቁመት ለመሰንጠቅ ጥርሱ ጥቂት የሆነ፣ ለምሳሌ 24 ጥርስ ያለው ዲስክ ይመረጣል፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ሰጋቱራውን ጠርጎ ያወጣል። ለኮምፔንሳቶ፣ ለቺፕውድና ለኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ቃጫ ተጨምቆ ለተሠራ ሰሌዳ) ከ40 እስከ 60 ጥርስ ያለው ዲስክ ፊቱን ሳይሰነጣጥቅ ይቆርጣል። በ60 ጥርስ ዲስክ ወፍራም እርጥብ እንጨት መሰንጠቅ ዲስኩን ያግላል፣ የጋለ ዲስክ ይጣመማል፣ የተጣመመ ዲስክ ደግሞ በቦዩ ውስጥ ይያዛል።

ሲገጥሙ ሦስት ነገሮችን ያረጋግጡ። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር ፍጥነት ከመጋዙ ፍጥነት መብለጥ አለበት። የመሃል ቀዳዳው ከመጋዙ ዘንግ ጋር በልክ መግጠም አለበት፤ 30 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለውን ዲስክ 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ ለማዋል ለዚሁ የተሠራ ማጥበቢያ ቀለበት እንጂ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ ነገር አይሆንም። በመጨረሻም ዲስኩ ላይ ያለው ቀስት መከለያው ላይ ካለው ቀስት ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ማመልከት አለበት። ቡሎኑን ከመጋዙ ጋር በመጣው መፍቻ ያጥብቁ፤ ቪዲያ የሚባለው በጣም ጠንካራ ብረት የተበየደባቸው ጥርሶች አለመጎደላቸውንም አንድ በአንድ ይመልከቱ። የተሰነጠቀ ዲስክ አይሞረድም፣ አይበየድም፤ ለሌላ ሰው እንዳይደርስ ተጎብጦ ይጣላል።

ዲስኩ መደንዘዙን የሚነግሩ ምልክቶች ቀላል ናቸው፦ የተቆረጠው ጎን ይጠቁራል፣ የተቃጠለ እንጨት ይሸታል፣ ሰጋቱራው እንደ ፍርፋሪ መሆኑ ቀርቶ እንደ ዱቄት ይደቅቃል፣ መጋዙም ካልገፉት አልሄድ ይላል። ሠራተኛው መግፋት ከጀመረ የሰውነቱ ክብደት መጋዙ ላይ ነው፤ ዲስኩ በድንገት ሲለቅም ሰውየው አብሮት ይሄዳል።

አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም፤ በየሥራ ቤቱ ስለማየው ነው። የእንጨት መጋዝ ዲስክ ግራይንደር ላይ አይገጠምም። ትንሹ 115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ይዞራል፤ ተንቀሳቃሽ መከለያ የለውም፣ እንጨቱ ላይ ተደግፎ ቀጥ የሚያደርገው ጠፍጣፋ ብረትም የለውም። ጥርስ ያለው ዲስክ ሲገጠምበት የመጀመሪያው ንክሻ ግራይንደሩን ከእጅ ይነጥቀዋል፤ የሚሄድበት አቅጣጫም ብዙውን ጊዜ ወደ ፊትና ወደ አንገት ነው።

ደረጃ 2፦ መከለያውን መፈተሽ

መጋዙ ከስፒናው እንደተነቀለ፣ ተንቀሳቃሹን የታች መከለያ በእጀታው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳቡና ይልቀቁት። «ቀጭ» ብሎ በአንድ ጊዜ መመለስና ጥርሶቹን መሸፈን አለበት። በመሃል ከቆመ፣ ከዘገየ ወይም በጣት ካልተረዳ በስተቀር የማይመለስ ከሆነ መጋዙ ለሥራ ዝግጁ አይደለም። ይህን ሙከራ መጋዙን ወደ ታች፣ ወደ ጎንና ወደ ላይ አዙረው ይድገሙት፤ ስፕሪንጉ የደከመ መከለያ ቀጥ ብሎ ሲያዝ እየተመለሰ ሲዘነበል ሊቀር ይችላል።

መከለያ የሚያዘው በአብዛኛው በሙጫና በሰጋቱራ ነው። በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ሙጫው ከጠነከረ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይጸዳል፣ ከዚያም ጨርሶ እስኪደርቅ ስፒናው አይሰካም። ዘይትና ግሪስ መቀባት የሚመስለውን ያህል አይጠቅምም፤ ሰጋቱራው ግሪሱ ላይ ተጣብቆ በሳምንቱ ከበፊቱ የባሰ ይሆናል።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ሥራ ቤት የአንደኛው መጋዝ መከለያ በቀጭን ሽቦ ወደ ኋላ ታስሮ ነበር። የታሰረው ቺፕውድን በቀጭን ለመሸረፍ ሲባል ለአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሽቦውን የፈታው ግን አልነበረም፣ ወራትም አለፉ። አንድ ረፋድ ላይ አንዱ ረዳት ቆርጦ ሲጨርስ እንደ ልማዱ ማብሪያውን ለቆ መጋዙን ሊሾው ወለል ላይ አስቀመጠው። ዲስኩ ገና አልቆመም ነበር። ወለሉን ነክሶ መጋዙን እንደ አይጥ አስሮጠው፤ ልጁ ዘሎ ባይወጣ እግሩ ሥር ነበር፣ መጋዙ የራሱን ገመድ ቆርጦ ግድግዳው ሥር ቆመ። በዚያን ዕለት የተጎዳው ገመዱ ብቻ ስለነበር ጉዳዩ በሳቅ አለፈ። ሽቦውን ግን በዚያው ሰዓት ፈታነው። መከለያው ታስሮ ያገኙትን መጋዝ ማን አሰረው ብሎ ከመጠየቅ በፊት መፍታት ይገባል።

ደረጃ 3፦ ኮረንቲውንና ገመዱን ማስተካከል

በ220 ቮልት የሚሠራ 1,400 ዋት መጋዝ ከ6 አምፔር በላይ ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ ለአፍታ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ለስልክ ቻርጀር የተሠራ ቀጭን ኤክስቴንሽን ይህን አይችልም። ለአጭር ርቀት 1.5፣ ከ25 ሜትር ለሚበልጥ ደግሞ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ይጠቀሙ። ጥቅሉን ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ ተጠቅልሎ የቀረ ገመድ ይግላል፣ ቮልቴጁም ስለሚወርድ መጋዙ ጉልበት አጥቶ በቦዩ ውስጥ ይቆማል። የተራቆተ ሽቦ በቀጥታ ሶኬት ውስጥ መሰካት የሚባል ነገር ከሥራ ቦታ መጥፋት አለበት። በግንባታ ቦታ፣ በተለይም መሬቱ እርጥብ ሲሆን፣ መስመሩ 30 ሚሊ አምፔር የኮረንቲ ልቅት ሲያገኝ ራሱን የሚቆርጥ ብሬከር ሊኖረው ይገባል።

ገመዱ ከቁርጡ መስመር ኋላ፣ ቢቻል በትከሻዎ ላይ አልፎ እንዲሄድ ያድርጉ። መሬት ላይ የተንዘላዘለ ገመድ ጣውላው ጫፍ ላይ ተሰክቶ መጋዙን በቁርጡ መካከል ይይዘዋል።

የመብራት መቋረጥ ለብቻው የሚታይ አደጋ ነው። እንጨት እየተቆረጠ ሳለ መብራት ሲሄድ ሠራተኛው መጋዙን ቦዩ ውስጥ እንደተሰካ ትቶ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ማብሪያው በመቆለፊያው ተይዞ ከሆነ መብራቱ ሲመጣ መጋዙ ማንም ሳይነካው ይነሳል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ አጠገቡ ያለው ሰው ቁርጥራጭ የሚሰበስብ ረዳት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ የመጀመሪያው ሥራ ማብሪያውን መልቀቅ፣ ሁለተኛው ስፒናውን መንቀል ነው። ማብሪያው በፕላስተር ወይም በገመድ የታሰረ መጋዝ በዚህ ምክንያት ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም።

ደረጃ 4፦ እንጨቱን ማየት፣ ማስቀመጥና ጥልቀቱን መወሰን

ከፎርምወርክ (ኮንክሪት ከሚሞላበት የእንጨት ቅርጽ) የተፈታ ጣውላ ሲቆርጡ በሁለቱም ፊት ሚስማር ይፈልጉ፤ የደረቀ ሲሚንቶ ካለበት ያራግፉት፣ ከሥሩ ጭንቅላቱ የተሰበረ ሚስማር ይደበቃል። ትልቅ ጉጥ ካለ መስመሩን ከእሱ ያርቁ። የጎበጠ ጣውላ ጉብታው ወደ ታች ሆኖ ሲቀመጥ ስለሚወዛወዝ ጠፍጣፋ እስኪሆን ድረስ ከሥሩ ማስደገፊያ ይግባበት።

ድጋፉን በተመለከተ ደንቡ አንድ ነው፦ የሚቀረው ክፍል በደንብ ተይዞ ይቀመጣል፣ የሚወድቀው ክፍል በነፃ ይወድቃል። ጣውላ ሲቆርጡ ሁለቱ ማስቀመጫዎች ከመስመሩ በአንድ ወገን ይሁኑ፤ መስመሩ ከሁለተኛው ማስቀመጫ ውጪ ትንሽ አልፎ ይሂድ። 2.44 በ1.22 ሜትር የሆነ ሙሉ ቺፕውድ ወይም ኮምፔንሳቶ ግን በነፃ ሊወድቅ አይችልም፤ ከብዶ ይሰበራል። እሱን መሬት ላይ በተዘረጉ አራት ሞራሌዎች ላይ ያስተኙ፤ ሁለቱ ከመስመሩ በአንድ ወገን፣ ሁለቱ በሌላው ወገን ይሁኑና ከመካከላቸው ሁለቱ ወደ መስመሩ የተጠጉ ይሁኑ። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ክፍል ባለበት ይቆያል፣ ቦዩም አይዘጋም። ጥሩው ፊት ወደ ታች ይሁን፤ ጥርሶቹ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጡ የሚሰነጠረው የላይኛው ፊት ነው።

እንጨቱ በሞርሳ ይታሰር። በእግር ተረግጦ ወይም ጭን ላይ ተደርጎ አይቆረጥም። ከ30 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ቁራጭ ሲያስፈልግ ረጅሙን እንጨት አስረው ከጫፉ ይቁረጡ እንጂ አጭሩን በእጅ አይያዙ።

ጥልቀቱን ለመወሰን ስፒናው እንደተነቀለ መጋዙን ከእንጨቱ ጎን ያስጠጉ፣ መከለያውን ይሳቡና ዲስኩን ከእንጨቱ ጋር ያስተያዩ። ከእንጨቱ ሥር የሚወጣው ከአንድ ጥርስ ቁመት አይብለጥ፤ 18 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቺፕውድ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ይበቃል። ብዙ ሰው ጥልቀቱን አንዴ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ለሁሉም ይጠቀምበታል። እንዲህ ሲሆን ከእንጨቱ ሥር አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ዲስክ ሳይታይ ይዞራል፤ ከሥር የገባ ጣት፣ ገመድ ወይም ጉልበት ያገኘዋል። ዲስኩ ቢያዝም የሚያዘው ስፋት ይበዛል፣ የመልስ ምቱም ይከብዳል። ካስተካከሉ በኋላ የጥልቀቱንም የማዘንበያውንም መቆለፊያ ያጥብቁ።

ደረጃ 5፦ መቁረጥ

መነጽር ያድርጉ፤ ተራ የዓይን መነጽር ከጎን ስለማይከላከል በቂ አይደለም። እጅጌ ይጠቀለል፣ የአንገት ልብስና የተንጠለጠለ ማኅተብ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ረጅም ፀጉር ይታሰር። የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ሰፊ የጨርቅ ጓንት አይደረግም፤ ጥርሱ የጓንቱን ጫፍ ከያዘ ጣቱን ጎትቶ ያስገባል። ጓንት ሸካራ ጣውላ ለመሸከምና ዲስክ ለመቀየር ይጠቅማል፤ ሲቆርጡ ግን ይወልቅ።

ከቁርጡ መስመር በስተኋላ ሳይሆን በጎን ይቁሙ፤ መጋዙ ተመልሶ ቢመጣ የሚያልፍበት መንገድ ከሰውነትዎ ውጪ ይሁን። ሁለቱም እጆች መጋዙ ላይ ናቸው፦ አንዱ በኋላ መያዣው፣ አንዱ በፊት መያዣው። ሁለት እጅ መጋዙ ላይ ከሆነ ዲስኩ ሥር የሚገኝ ሦስተኛ እጅ የለም።

የመጋዙን ጠፍጣፋ ብረት ሰፊውን ወገን በሚቀረው እንጨት ላይ ያሳርፉ፤ በሚወድቀው ላይ ካረፈ መጨረሻው ላይ መጋዙ አብሮ ይዘነበላል። ጥርሶቹ እንጨቱን ሳይነኩ ማብሪያውን ይጫኑና ድምፁ እኩል እስኪሆን አንድ ሁለት ሰከንድ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ በዝግታ፣ ሳያቋርጡ ይግፉ። ጆሮዎ ሞተሩ ላይ ይሁን፦ ድምፁ ከቀጭን ወደ ወፍራም ከወረደ ዲስኩ እየተያዘ ነው። ያን ጊዜ የሚታሰበው ገፍቶ ማሳለፍ ነው፤ የሚደረገው ግን ማብሪያውን መልቀቅና መጋዙን ባለበት ይዞ ዲስኩ እስኪቆም መጠበቅ ነው። ዲስኩ እየዞረ ወደ ኋላ አይጎተትም፤ የኋላ ጥርሶቹ የቦዩን ጠርዝ ነክሰው መጋዙን ወደ ላይ ያወጡታል። ከቆመ በኋላ ያወጡትና ምክንያቱን ይፈልጉ፣ ሽብልቅ ያስገቡ ወይም ድጋፉን ያስተካክሉ፣ ከዚያም ዲስኩን ቦዩ ውስጥ አስገብተው ጥርሶቹ እንጨት አለመንካታቸውን አይተው እንደገና ያስነሱ። ከመስመር ከወጡም ሥርዓቱ ይኸው ነው፦ አጥፍቶ፣ አውጥቶ፣ ትንሽ ከኋላ እንደገና መጀመር።

ለረጅም ቁርጥ ቀጥ ያለ ጣውላ በሁለት ሞርሳ አስሮ መጋዙን በእሱ ጎን ማስኬድ የእጅን ድካም ይቀንሳል፤ ቁርጡም መስመሩን አይስትም። የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ለመታጠቢያ ሳህን መሃሉን መክፈት ግን የሰርኩላር ሥራ አይደለም፤ በድሪል ቀዳዳ ከፍቶ በቀጭኑ ወደ ላይና ወደ ታች በሚሠራው የኤሌክትሪክ መጋዝ መጨረስ ይሻላል።

ቁርጡ ሲያልቅ የሚወድቀውን ቁራጭ በእጅ ለመቀበል አይሞክሩ፤ ይውደቅ። ማብሪያውን ይልቀቁ፣ መከለያው መመለሱን በዓይንዎ ይዩ፣ ዲስኩ ቆሞ እስኪያዩት መጋዙን አያስቀምጡ። ከዲስኩ አጠገብ የቀረ ስንጣሪ በጣት የሚነሳው ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው።

ተገልብጦ በጠረጴዛ ሥር ስለሚታሰረው መጋዝ

የእጅ መጋዝን ገልብጦ በጠረጴዛ ሥር ማሰር የጠረጴዛ ሰርኩላር ለመግዛት አቅም ያላገኙ ሥራ ቤቶች መፍትሔ ነው። አሠራሩን ልከለክል ብል የሚሰማኝ ስለማይኖር ምን እንደሚጎድለው መናገር እመርጣለሁ። ጠረጴዛው ላይ እንዲወጣ ሲባል መከለያው ይታሰራል ወይም ይነቀላል፤ ማብሪያው ይታሰርና ማጥፊያው ሩቅ ያለ ሶኬት ይሆናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በእውነተኛ የጠረጴዛ ሰርኩላር ላይ ከዲስኩ ኋላ ቆሞ ቦዩን ክፍት የሚያደርገው ቀጭን ብረት የለም። በተገለበጠ መጋዝ የዲስኩ የኋላ ጥርሶች ወደ ላይ ስለሚነሱ ቦዩ ሲዘጋ የሚወረወረው መጋዙ ሳይሆን እንጨቱ ነው፤ አቅጣጫውም ወደ ሠራተኛው ነው። እንጨቱን የያዘው እጅ መያዣ ሲያጣ ወደ ዲስኩ ይወድቃል።

እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ያለው ሥራ ቤት ቢያንስ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት። መጋዙ የሚሰካው ሠራተኛው ሳይጎነበስ በጉልበቱ ወይም በእጁ በሚደርስበት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሱ በማይነሳ ማብሪያ ላይ ይሁን። ከዲስኩ ኋላ፣ ከዲስኩ ገላ ጥቂት የወፈረ ከተቆረጠው ቦይ ግን የቀጠነ ብረት ከዲስኩ ጋር ተመጣጥኖ ይቁም፤ በላዩም ዲስኩን የሚሸፍን መከለያ ይታሰር። እጅ ከዲስኩ 15 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ሥራው ለመግፊያ እንጨት ይለቀቅ፤ መግፊያውም ጫፉ እንደ ወፍ አፍ ተከፍቶ እንጨቱን የሚነክስ፣ ሁልጊዜ በጠረጴዛው ጎን የሚንጠለጠል ይሁን። ፈልገው የሚያመጡት መግፊያ ማንም አይጠቀምበትም። በጎን መምሪያው ተደግፎ በቁመት የሚሰነጠቅ እንጨት እየተቆረጠ ሳለ ከኋላ የሚስብ ረዳት አይኑር፤ የሚስበው ሰው እንጨቱን ትንሽ ካጣመመው ምቱ የሚያርፈው በሚገፋው ላይ ነው።

ጆሮና ሳንባ

የሰርኩላር ድምፅ 100 ዴሲቤል ይደርሳል። በስፋት በሚሠራበት መመዘኛ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ስለሚቀንስ ለ100 ዴሲቤል የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚቆርጥ ሰው የጆሮ መከላከያ ካላደረገ የመስማት ኃይሉ ሳያመው ይጠፋል። የእንጨት ብናኝን ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል፤ ከአፍንጫ ውስጥ ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀ ነው። ኤምዲኤፍ ሲቆረጥ ብናኙ በጣም ደቃቅ ስለሆነ የጨርቅ መሸፈኛ አያቆመውም፤ ለብናኝ የተሠራ ማስክ ያስፈልጋል፣ ቢቻል ሥራው ደጅ ይሠራ። ሰጋቱራ ከግድግዳና ከማሽን ላይ በኮምፕረሰር ንፋስ ከማራገፍ በእርጥብ መጥረግ ወይም በመምጠጫ መሰብሰብ ይሻላል።

የአሠሪውና የሠራተኛው ድርሻ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአንቀጽ 92 ጀምሮ የሁለቱንም ግዴታ ይደነግጋል። አሠሪው መከላከያ መሣሪያ ያቀርባል፣ አጠቃቀሙን ያስተምራል፣ በሥራ ላይ የደረሰ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ያሳውቃል። ሠራተኛው በበኩሉ የተሰጠውን መከላከያ ይጠቀማል፣ ጉድለት ሲያይ ወዲያው ያሳውቃል፣ ለደኅንነት የተገጠመን መሣሪያ አይነቅልም፣ አያበላሽም። መከለያን በሽቦ ማሰር እዚህ ውስጥ ይገባል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆኑ ወጣት ሠራተኞች አደገኛ ሥራ ላይ እንዳይሰማሩ አዋጁ ይከለክላል፤ በዚህ መሠረት ሙያ ሊለምድ የመጣ የ16 ዓመት ልጅ መለካት፣ ማስመር፣ ማሸግና መቀባት መማር ይችላል፣ ሰርኩላሩ ግን ይቆየው።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «ታውቅበታለህ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይነግርም፤ ሥራ የሚፈልግ ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። ስፒናው እንደተነቀለ መጋዙን ይስጡትና ምን እንደሚመለከት ይዩት። መጀመሪያ መከለያውን ስቦ የሚለቅ ሰው ሥራውን ያውቃል።

አደጋ ሲደርስ

ኮረንቲውን ይቁረጡ። ቁስሉ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይጫኑ፣ ክንዱን ከልብ ከፍ ያድርጉ፤ ደም ጨርቁን አልፎ ቢመጣ ጨርቁን ሳያነሱ ሌላ ይደርቡ። ቡና፣ ሰጋቱራ ወይም ቤንዚን ቁስል ላይ አይደረግም። በመጫን የማይቆም የክንድ ወይም የጭን ደም ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ ተጠምዝዞ ይታሰር፣ የታሰረበትም ሰዓት ተጽፎ ከተጎጂው ጋር ይሂድ።

ጣት ተቆርጦ ከወደቀ ይፈለግ። በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ይጠቀለል፣ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ይታሰር፣ ላስቲኩም በረዶና ውሃ ባለበት ሌላ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። ጣቱ በቀጥታ በረዶ ከነካ ወይም አልኮል ውስጥ ከተነከረ ሥጋው ስለሚጎዳ መልሶ የመስፋት ዕድሉ ይቀንሳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ የሥራ ቤቱን ቦታ በስልክ ማስረዳት ጊዜ ስለሚወስድ በአቅራቢያ ያለ የታወቀ ምልክት ከስልክ ቁጥሩ ጋር ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይቆይ፣ አንድ ሰውም መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቅ።

ተጎጂው ከሄደ በኋላ መጋዙ ከስፒናው ተነቅሎ፣ ሳይጠረግና ዲስኩ ሳይቀየር ለብቻው ይቀመጥ። የመከለያው ሁኔታ፣ የዲስኩ ጥርሶች፣ የጥልቀቱ ልክና እንጨቱ የተቀመጠበት አኳኋን በፎቶ ተይዘው ከምዝገባው ጋር ይያያዙ፤ መጋዙም እነዚህ ታይተው ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ወደ ሥራ አይመለስ።